የነፋስ ተርባይን ጉርብትናና የመኖሪያ ቤት ዋጋ፦ ኪሳራው በማን ላይ፣ መቼ ይወድቃል?

አኅጽሮተ ጥናት

በነፋስ ኃይል ማመንጫ አቅራቢያ ያለ መኖሪያ ቤት ዋጋው ይወርዳል ወይስ አይወርድም? በአሜሪካ የተደረጉ ቀደምት ሰፋፊ ጥናቶች ሊለካ የሚችል ተጽዕኖ አላገኙም፤ የእንግሊዝና ዌልስ፣ የዴንማርክና የኔዘርላንድስ ጥናቶች ደግሞ ከ1 እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ አግኝተዋል። ይህ መጣጥፍ ሁለቱን ወገኖች ጎን ለጎን በማንበብ፣ ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው ተመራማሪዎቹ ርቀትን፣ እይታን፣ ጊዜንና የሕዝብ አሰፋፈርን ከያዙበት መንገድ መሆኑን ያሳያል። በኋላ የወጡት የአሜሪካ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ቅናሹ በአማካይ ትንሽ፣ በቦታ ጠባብ ነው፤ የሚከፋውም ፕሮጀክቱ ከታወጀበት ጊዜ አንሥቶ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት እስኪያልፉ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ተገቢው መፍትሔ ተርባይኖችን መከልከል ወይም ጉዳቱን መካድ ሳይሆን፣ በቅርብ ላሉ ጥቂት ቤተሰቦች ቀድሞ የሚከፈል፣ በሕግ የተደነገገ ካሳ ነው። በመጨረሻም ይህ ማስረጃ ለኢትዮጵያ ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደማያስተምር ይመረመራል። «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የነፋስ ኃይል፣ የቤት ዋጋ፣ ሄዶኒክ ትንተና፣ እይታ፣ ድምፅ፣ ካሳ

መግቢያ

የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ነው በተባለበት መንደር የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ፣ ከሚነሡት ጥያቄዎች መካከል «የቤቴ ዋጋስ?» የሚለው አይቀርም። አልሚው ድርጅት ጥናት ጠቅሶ «ምንም አይሆንም» ይላል። ነዋሪው በበኩሉ ሊገዛ መጥቶ ሐሳቡን ስለ ቀየረ ሰው የሰማውን ያነሣል። ሁለቱም ማስረጃ አለኝ ይላሉ፤ ስብሰባውም ሳይግባቡ ይበተናል።

ጥያቄውን እንደ ተራ የገንዘብ ስስት ማየት አግባብ አይደለም። በአሜሪካም ሆነ በምዕራብ አውሮፓ ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ቤት መጠለያም፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባም፣ የጡረታ መደገፊያም ነው። ቤቱ በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ትንሽ የሚመስል የዋጋ መውረድ የባለቤቱን ድርሻ ክፉኛ ይበላል። ለአብነት 300,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት እንውሰድ፤ ከዚህ ውስጥ 240,000 ዶላሩ የባንክ ዕዳ፣ 60,000 ዶላሩ የባለቤቱ ድርሻ ይሁን። ዋጋው በ5 በመቶ ቢወርድ 15,000 ዶላር ይጠፋል። ባንኩ ከዕዳው ሰባራ ሳንቲም ስለማይቀንስ የጠፋው ሁሉ ከባለቤቱ ድርሻ ይቆረጣል። በገበያ ዓይን 5 በመቶ የተባለው ለቤተሰቡ የቁጠባው ሩብ ነው።

በሌላ ወገን የነፋስ ኃይል አስፈላጊነት የሚያጠያይቅ አይደለም። የአሜሪካዋ አይዋ ግዛት ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላዩን የምታገኘው ከነፋስ ነው፤ ዴንማርክም እንዲሁ። የከሰልና የጋዝ ጭስ የሚያደርሰው ጉዳት በሳይንስ የተረጋገጠ ነው፤ ተርባይኖቹም የሆነ ቦታ መተከል አለባቸው። ጥቅሙ ለአገርና ለዓለም ሲዳረስ ጉዳቱ በጥቂት ደጃፎች ላይ ይከማቻል። እንግዲህ የዋጋው ጥናት በመሠረቱ የፍትሕ ጥናት ነው፤ የጋራ ጥቅም ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይመረምራልና።

የአለካክ ዘዴውና ሦስቱ ወጥመዶች

ቤት ሲሸጥ በመዝገብ የሚሰፍረው አንድ ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር ውስጥ ግን የመኝታ ክፍሎቹ ብዛት፣ የግቢው ስፋት፣ ቤቱ የተሠራበት ዘመን፣ የአካባቢው ትምህርት ቤት ጥራት፣ ከሥራ ቦታ ያለው ርቀትና በመስኮት የሚታየው ነገር ሁሉ ተደምረው ይገኛሉ። የኢኮኖሚክስ ሊቁ ሸርዊን ሮዘን በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ድምር ወደ ክፍሎቹ መፍታት የሚቻልበትን የንድፈ ሐሳብ መሠረት ጣለ። ሄዶኒክ ትንተና የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። በሺሕ የሚቆጠሩ ሽያጮች ተሰብስበው ሪግሬሽን በሚባለው የስታትስቲክስ ስሌት ሲሰሉ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን አንድ ተጨማሪ መኝታ ክፍል ወይም አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት በዋጋ ላይ ስንት እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ይገኛል። ተርባይንም በስሌቱ እንደ አንድ የቤቱ ባሕርይ ይገባል።

ዘዴው ቀላል ቢመስልም ሦስት ወጥመዶች አሉበት። የመጀመሪያው የቦታ አመራረጥ ነው። አልሚዎች ተርባይን የሚተክሉት ነፋስ በሚበዛበት፣ መሬት ርካሽ በሆነበት፣ ሰው በሳሳበት ስፍራ ነው። እንዲህ ያለ ስፍራ የቤት ዋጋው ድሮውንም ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ቅርብና ሩቅ ያሉ ቤቶችን ዛሬ ላይ ብቻ ማወዳደር፣ ቀድሞ የነበረውን ልዩነት የተርባይኑ ጥፋት ያስመስለዋል። መድኀኒቱ በቅርብ ያሉት ቤቶች ከተከላው በፊትና በኋላ ያሳዩትን ለውጥ፣ በሩቅ ያሉት በዚያው ዘመን ካሳዩት ለውጥ ጋር ማነጻጸር ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የሽያጭ ማነስ ነው። ተርባይን አጠገብ ያሉ ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚያም በዓመት የሚሸጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ናሙናው ሲያንስ የስሕተት ልኩ ይሰፋል፤ 5 በመቶ የሚሆን እውነተኛ ቅናሽ ቢኖር እንኳ ስታትስቲክሱ ላይለየው ይችላል። ጨርሶ ገዢ ያጣ ቤት ደግሞ የሽያጭ መዝገብ ውስጥ ስለማይገባ፣ ክፉኛ የተጎዳው ከስሌቱ ውጭ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው የቀኑ ጉዳይ ነው። «በፊት» የሚባለው ጊዜ የሚያበቃው መቼ ነው? ክንፎቹ መዞር ሲጀምሩ፣ ግንባታው ሲጀመር ወይስ ዕቅዱ በጋዜጣ ሲወጣ? ገበያ በወሬ ይንቀሳቀሳል፤ ገዢ ምሰሶው እስኪቆም አይጠብቅም። ዋጋው ፕሮጀክቱ በታወጀ ሰሞን ወርዶ ከሆነ፣ ያንን ጊዜ «በፊት» ብሎ የያዘ ተመራማሪ የወረደውን ዋጋ መነሻ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ «ለውጥ የለም» ብሎ ይደመድማል። ከታች እንደምናየው፣ የጥናቶቹ ውጤት ከተለያየባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው።

ቀደምቶቹ የአሜሪካ ጥናቶች

በአሜሪካ በብዛት የሚጠቀሰው የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሥራ ነው። ቤን ሆንና ባልደረቦቹ በ2009 ባወጡት ዘገባ በዘጠኝ ግዛቶች፣ በ24 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ዙሪያ በ10 ማይል ክልል ውስጥ የተሸጡ 7,500 ያህል ቤቶችን መረመሩ። ጉዳቱ ሊመጣ የሚችልባቸውን ሦስት መንገዶችም ለይተው ፈተኑ፤ እነሱም የአካባቢው ስም መጉደፍ፣ የእይታ መበላሸት፣ እንዲሁም በቅርብ ላሉት የድምፅና የጥላ ረብሻ ናቸው። ከሦስቱ በአንዱም ወጥና ስታትስቲካዊ ትርጉም ያለው ቅናሽ አላገኙም። ላቦራቶሪው በ2013 ጥናቱን አስፍቶ፣ በ67 ማመንጫዎች ዙሪያ ከ51,000 በላይ ሽያጮችን መርምሮ እዚያው ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

እነዚህ ጥናቶች በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ በ2009ኙ መረጃ ውስጥ ተርባይኖቹ ከቆሙ በኋላ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት የተሸጡት ቤቶች 125 ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በግለሰብ ቤቶች ወይም በጥቂት ቤቶች ላይ ጉዳት የመድረሱን ዕድል ውጤታቸው እንደማይሽረው በግልጽ ጽፈዋል። በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ግን ይህ ጥንቃቄ ይወድቅና «አላገኘንም» የተባለው «የለም» ወደሚል ይለወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን ትልቅ ነው።

በዚያው አገር የተለየ ውጤትም ነበረ። ማርቲን ሃይንትዘልማንና ካሪ ተትል በ2012 ባሳተሙት ጥናት በሰሜናዊ ኒው ዮርክ ሦስት ካውንቲዎች በዘጠኝ ዓመታት የተካሄዱ 11,331 ሽያጮችን ተንትነው፣ በሁለቱ ካውንቲዎች ጉልህ ቅናሽ ሲያገኙ በሦስተኛው፣ በሉዊስ ካውንቲ፣ አላገኙም። በአንድ ግዛት ውስጥ፣ በአንድ ዘዴ፣ በተቀራራቢ ጊዜ የተገኘ ልዩነት ነው። ይህ ብቻውን «የተርባይን ተጽዕኖ ይህን ያህል በመቶ ነው» የሚል አንድ አገር አቀፍ ቁጥር መፈለግ ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ያመለክታል።

የማሳቹሴትስ ሁኔታ ጉዳዩን ይበልጥ ያጠራዋል። በ2014 ቤን ሆንና ካሮል አትኪንሰን-ፓሎምቦ በዚያ ግዛት ከ1998 እስከ 2012 ባለው ጊዜ በ41 ተርባይኖች አካባቢ የተካሄዱ ከ122,000 በላይ ሽያጮችን መርምረው፣ ተርባይኖቹ በመምጣታቸው የተከሰተ የተጣራ የዋጋ ቅናሽ አላገኙም፤ ከዐዋጁ በኋላ ባለው ጊዜ ግን ደካማ የቅናሽ ምልክት አይተዋል። በዚያው ግዛት፣ በፋልመዝ ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በፍሳሽ ማጣሪያው ግቢ እያንዳንዳቸው 1.65 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት ተርባይኖች ተክሎ ነበር፤ የመጀመሪያው በ2010 ሥራ ጀመረ። በቅርብ የሚኖሩ ሰዎች እንቅልፍ አሳጣን ብለው አቤት አሉ፤ ክርክሩ ዓመታት ከወሰደ በኋላ በ2017 ፍርድ ቤት ተርባይኖቹ የጎረቤት ረብሻ ሆነዋል ሲል እንዲቆሙ አዘዘ። አንዱ ማስረጃ ሌላውን አያፈርሰውም። በ122,000 ሽያጮች አማካይ ውስጥ የማይታይ ጉዳት በጥቂት ቤቶች ውስጥ ፍርድ ቤት የሚያሳምን ያህል ከባድ ሊሆን ይችላል። አማካይ ሕዝብን ይገልጻል እንጂ ተርባይኑ ሥር ያለችውን አንዲት ቤት አይገልጽም።

የአውሮፓ ማስረጃ፦ እይታ፣ ድምፅና ቁመት

በአውሮፓ የሕዝብ አሰፋፈሩ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ተርባይንና መኖሪያ ቤት ይቀራረባሉ፤ የሽያጭ ናሙናውም በዚያው ልክ ይሰፋል። የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤቱ ስቲቨን ጊበንስ በ2015 ባሳተመው ጥናት በእንግሊዝና ዌልስ የመሬት አቀማመጥን እንደ መለኪያ ተጠቀመበት። ከአንድ ማመንጫ እኩል የሚርቁ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል፤ የአንደኛው መስኮት ወደ ተርባይኖቹ ያያል፣ ሁለተኛው ደግሞ ኮረብታ ስለ ጋረደው አንዱም አይታየውም። ሁለቱም ቤቶች የሚገኙት በአንድ የሥራ ገበያ፣ በአንድ መንገድና በአንድ ትምህርት ቤት ዙሪያ ነው። በዋጋቸው ላይ የሚታየው የለውጥ ልዩነት እንግዲህ ከእይታው የመጣ ነው። ጊበንስ በዚህ መንገድ ተርባይን የሚታያቸውና በ2 ኪሎ ሜትር ክልል ያሉ ቤቶች ዋጋ ከ5 እስከ 6 በመቶ መቀነሱን፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ቅናሹ ከ2 በመቶ በታች መሆኑን፣ ከዚያ ወዲያ እየሳሳ መሄዱን አሳየ። ኮረብታ በጋረዳቸው ቤቶች ተመሳሳይ ቅናሽ አልታየም።

በዴንማርክ ካትሪን ኡላ የንሰንና ባልደረቦቿ በ2014 ባሳተሙት ጥናት እይታን ከድምፅ ለዩ። ተርባይን የሚታያቸው ቤቶች 3 በመቶ ያህል፣ ድምፁ የሚደርሳቸው ደግሞ እንደ ድምፁ መጠን ተጨማሪ ከ3 እስከ 7 በመቶ መቀነሳቸውን አገኙ። የመለየቱ ጥቅም ተግባራዊ ነው። ድምፅን በሕግ መገደብ ይቻላል። የዴንማርክ ደንብ ነፋሱ በሴኮንድ 6 ሜትር ሲሆን በመኖሪያ ሰፈር ከ37 ዴሲቤል፣ በገጠር ካለ ቤት ደጃፍ ከ42 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ተርባይኑም ከቤት ቢያንስ የቁመቱን አራት እጥፍ እንዲርቅ ያዛል። እይታን ግን እንዲህ በቁጥር መግራት አይቻልም፤ ምሰሶው ረጅም እስከሆነ ድረስ ከሩቅ መታየቱ አይቀርም።

በኔዘርላንድስ ማርታይን ድሩስና ሃንስ ኮስተር በ2016 ባሳተሙት ጥናት ከ1985 እስከ 2011 ያለውን የሽያጭ መዝገብ መርምረው፣ በ2 ኪሎ ሜትር ክልል አማካይ ቅናሹ 1.4 በመቶ መሆኑን አገኙ። በ2021 ደግሞ ጥያቄውን በቁመት ከፋፈሉት። ከ150 ሜትር በላይ የሆኑት ተርባይኖች በዚያው ክልል 5 በመቶ ገደማ ቅናሽ ሲያስከትሉ፣ ከ50 ሜትር በታች የሆኑት ያስከተሉት ግን እጅግ ያነሰ ነበር። ይህ ግኝት ወደፊትን ለሚያይ ሰው አስፈላጊ ነው። ቴክኖሎጂው እየረዘመ ስለሄደ፣ በ1990ዎቹ ተርባይኖች ላይ የተመሠረተ «ጉዳት የለም» የሚል ውጤት ለዛሬዎቹ ዋስትና አይሆንም። በአንጻሩ ጥቂት ረጃጅም ተርባይኖች የብዙ አጫጭሮችን ያህል ኃይል ስለሚያመነጩ፣ የሚነካቸው ቤቶች ቁጥር ሊያንስ ይችላል።

ከድምፅና ከእይታ ሌላ ጥላ አለ። ፀሐይ ጠዋት ወይም ማታ ዝቅ ስትል ክንፉ በፀሐይና በመስኮት መካከል ያልፋል። በደቂቃ 15 ጊዜ የሚዞር ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይን በደቂቃ 45 ጊዜ ጥላውን በግድግዳው ላይ ያሳልፋል፤ ክፍሉ ይጨልማል፣ ይበራል፣ መልሶ ይጨልማል። ጀርመን ይህን በዓመት ከ30 ሰዓት፣ በቀን ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ትገድባለች። የጥላው ሰዓት ከፀሐይ አቅጣጫ ተነሥቶ አስቀድሞ ሊሰላ ስለሚችል፣ በዚያ ሰዓት ተርባይኑን ማቆም ይቻላል። ፈጽሞ ሊወገድ የሚችል ጉዳት ቸል ተብሎ በሰው ላይ ሲወርድ ጥፋቱ የቴክኖሎጂው ሳይሆን የአስተዳደሩ ነው።

ጊዜ ሲጨመር፦ ከዐዋጁ እስከ መልመድ

የሁለቱን አህጉራት ውጤት የሚያስታርቁት በቅርቡ በአሜሪካ የወጡ ሁለት ሰፋፊ ጥናቶች ናቸው። ኤሪክ ብሩነር፣ ቤን ሆን፣ ጆ ራንድና ዴቪድ ሽዌግማን በ34 ግዛቶች ከ2005 እስከ 2020 የተካሄዱ ወደ 500,000 የሚጠጉ ሽያጮችን ሲመረምሩ፣ የስሌታቸውን መነሻ ያደረጉት ፕሮጀክቱ የታወጀበትን ቀን ነበር። በአንድ ማይል ውስጥ ያሉ ቤቶች ከ3 እስከ 5 ማይል ከሚርቁት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከዐዋጁ በኋላ ዋጋቸው በአማካይ 11 በመቶ ወረደ። ተርባይኖቹ ሥራ ከጀመሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ዋጋው ወደ ቀድሞው ደረጃ ተመለሰ። ቅናሹ የታየውም ከ250,000 በላይ ነዋሪ ባላቸው ካውንቲዎች ብቻ ነበር፤ በገጠሮቹ አልታየም። በቀደምቱ የላቦራቶሪው ጥናቶች መሪ ተመራማሪ የነበረው ሆን እዚህም መኖሩ ልብ ሊባል ይገባል፤ መረጃ ሲሰፋና ጥያቄ ሲጠራ ድምዳሜን ማስተካከል የሳይንስ ወግ ነውና።

ሁለተኛው በ2024 የወጣው የዌይ ጉዎ፣ የሊዮኒ ቬንዝና የማክሲሚሊያን አውፍሃመር ጥናት ነው። ከ300 ሚሊዮን በላይ የቤት ሽያጮችን ተጠቅመው፣ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቢያንስ አንድ ተርባይን የሚታያቸው ቤቶች ዋጋ በአማካይ 1 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ፣ በጣም ቅርብ ለሆኑት ግን እስከ 8 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል፣ ተጽዕኖውም በርቀትና በጊዜ እየደበዘዘ እንደሚሄድ አሳዩ።

ዋጋው ለምን ይመለሳል? የመጀመሪያው ምክንያት ጥርጣሬ መጥራቱ ነው። ዐዋጁ ሲሰማ ተርባይኑ በትክክል የት እንደሚቆም፣ ምን ያህል እንደሚጮኽ ማንም አያውቅም፤ ገዢም የማያውቀውን ነገር በክፉው ይገምታል። ሥራ ሲጀምር ግምቱ በእውነት ይተካል። ሁለተኛው የአካባቢ ገቢ ነው። ብሩነርና ሽዌግማን በ2022 ባሳተሙት ሌላ ጥናት የነፋስ ኃይል የገባባቸው ካውንቲዎች የነፍስ ወከፍ ገቢና የቤት ዋጋ ማደጉን አሳይተዋል። ከአልሚዎች የሚሰበሰበው ግብር ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ስለሚውል አካባቢው ተፈላጊነቱ ይጨምራል። ሦስተኛው የሰው መተካካት ነው። ተርባይን የማይወደው ሸጦ ይሄዳል፣ የማይከብደው ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገበያ የማይከብዳቸው ሰዎች ገበያ ይሆናል።

ሦስተኛው ምክንያት በውይይቶች ላይ እምብዛም ያልተነሣ የፍትሕ ጥያቄ ያዝላል። ዋጋው አገገመ ማለት ሻጩ አገገመ ማለት አይደለም። በእነዚያ ክፉ ዓመታት ውስጥ በሥራ ዝውውር፣ በፍቺ፣ በሕመም ወይም ቤት ያወረሰ ወላጅ በመሞቱ የግድ መሸጥ የነበረበት ቤተሰብ ኪሳራውን ይዞ ሄዷል። ቀደም ሲል በተሰላው ምሳሌ የ11 በመቶ ቅናሽ 33,000 ዶላር ነው፤ ይህም ከባለቤቱ 60,000 ዶላር ድርሻ ከግማሽ በላይ ይሆናል። ከአምስት ዓመት በኋላ ዋጋው ሲመለስ ትርፉን የሚያገኘው በርካሽ የገዛው ነው። መጠበቅ የቻለ ባለቤት ምንም አይጎድልበትም፤ መጠበቅ ያልቻለው ሙሉውን ይሸከማል። ብዙውን ጊዜ መጠበቅ የማይችለው አቅም የሌለው ነውና፣ በስታትስቲክስ «ጊዜያዊ» የተባለው ጉዳት በማኅበራዊ ሚዛን ሲታይ በደካማው ላይ ያዘነብላል።

ካሳ፦ ለማን፣ መቼ፣ በምን መልክ?

በአሜሪካ የተለመደው አሠራር አልሚው ተርባይን ለሚቆምበት መሬት ባለቤት ኪራይ እንዲከፍል ነው። ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤት ተርባይኑን እኩል ያያል፣ ድምፁንም እኩል ይሰማል፤ በሕግ ግን የሚያገኘው የለም። አንዳንድ አልሚዎች ለጎረቤቶች በፈቃዳቸው የሚከፍሉበት ውል አለ፤ በፈቃድ የሚሰጥ ግን በፈቃድ ይከለከላል።

ዴንማርክ የተለየ መንገድ መርጣለች። በ2009 ሥራ ላይ በዋለው የታዳሽ ኃይል ሕግ መሠረት አዲስ ተርባይን ከ1 በመቶ በላይ የቤት ዋጋ ካሳነሰ አልሚው ካሳ ይከፍላል፤ ግምቱንም ገለልተኛ አካል ያወጣል። በ4.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ከፕሮጀክቱ ቢያንስ 20 በመቶ ድርሻ ለግዢ እንዲቀርብም ሕጉ አስገድዶ ነበር። በ2020 በተደረገው ማሻሻያ የድርሻው ግዢ ቀርቶ፣ በአቅራቢያ የሚኖሩ ቤተሰቦች በየዓመቱ ክፍያ እንዲያገኙና በጣም ቅርብ የሆኑት ቤታቸውን ለአልሚው ለመሸጥ እንዲመርጡ መብት ተሰጣቸው።

ከላይ ከተዘረዘረው ማስረጃ አንጻር ሲመዘን፣ የመሸጥ መብቱ ከሁሉ የላቀ መሣሪያ ነው። በገንዘብ የሚከፈል ካሳ ገማቾችን ያከራክራል። የመሸጥ መብት ግን ገዢ ባጣበት ወቅት ለባለቤቱ ገዢ ያቀርብለታል። ጥናቶቹ እንዳሳዩት ዋጋው በእርግጥ የሚመለስ ከሆነ፣ አልሚው የገዛውን ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያለ ኪሳራ መሸጥ ይችላል። «ምንም አይሆንም» የሚል አልሚ ቃሉን በገንዘቡ ማስያዝ አለበት። በቃሉ የሚተማመን ከሆነ ግዴታው የሚያስከፍለው እምብዛም ነው፤ የማይተማመን ከሆነ ደግሞ ነዋሪው ለምን ሊያምነው ይገባል?

ማስረጃው ለኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የነፋስ ኃይልን ከጀመረች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። አዳማ አንድ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት፣ በመቀሌ አቅራቢያ ያለው አሸጎዳ በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተተክለዋል። ከላይ የተጠቀሱትን መቶኛዎች አንሥቶ ለእነዚህ ቦታዎች መጠቀም ግን አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በገጠር ሄዶኒክ ትንተና የሚፈልገው የሽያጭ ገበያ በሕግ የለም። በከተማም ቢሆን በውል ላይ የሚሰፍረው ዋጋ በእጅ ከተከፈለው ዝቅ ማለቱ የታወቀ ነው፤ በእንዲህ ያለ መዝገብ 5 በመቶን የመሰለ ልዩነት ለይቶ ማውጣት አይሞከርም።

የሚሻገረው ትምህርት ከቁጥሩ ይልቅ መርሁ ነው። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆኑ ኑሯቸው የተነካባቸውም ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የካሳ ሕጎቻችንና ልማዳችን በአመዛኙ ያተኮሩት መሬቱ በተወሰደበት ሰው ላይ ነው። መሬቱ ሳይወሰድበት ተርባይን ደጁ የቆመበት፣ የግጦሽ መንገዱ የተቆረጠበት ወይም ድምፁ እንቅልፍ የነሳው ጎረቤት ሕገ መንግሥቱ ከገባለት ቃል አንጻር ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። የሌሎች አገሮች ልምድ እንደሚያሳየው የዚህን ሰው ጉዳት ለመለካት መነሻው መረጃ ፕሮጀክቱ ከመታወጁ በፊት መሰብሰብ አለበት። አዲስ ማመንጫ ሲታቀድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ቤቶች፣ የኪራይ ተመናቸው፣ የውኃና የግጦሽ አጠቃቀማቸውና የሌሊት የድምፅ መጠን አስቀድሞ ቢመዘገብ፣ ከተከላው በኋላ የሚነሣ አቤቱታ በመረጃ ሊመዘን ይችላል። ወጪው ከአንድ ተርባይን ዋጋ ጋር እንኳ የሚነጻጸር አይደለም።

ማጠቃለያ

የተርባይን ጉርብትና የቤት ዋጋ ያወርዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ የማስረጃው መልስ ይህ ነው፦ በ2 ኪሎ ሜትር ክልል፣ ተርባይኑ በሚታይበት ወይም በሚሰማበት፣ ሰው በብዛት በሰፈረበት አካባቢ፣ በተለይም ከዐዋጁ በኋላ ባሉት ዓመታት ያወርዳል፤ ከዚያ ውጭ ቅናሹ እጅግ ትንሽ ነው፣ ወይም ሊለካ አይችልም። ጉዳቱ እንዲህ ጠባብና ጊዜው የታወቀ መሆኑ የምሥራች ነው። የሚነካቸው ቤተሰቦች ጥቂት በመሆናቸው እነሱን መካስ ፕሮጀክቱን አያከስርም፤ ጊዜው ስለሚታወቅም ካሳው ቀድሞ ሊዘጋጅ ይችላል።

ከዚህ ሦስት ግዴታዎች ይከተላሉ። ተመራማሪዎች የዐዋጁን ቀን የስሌታቸው መነሻ ማድረግና ሳይሸጡ የቀሩ ቤቶችንም መከታተል አለባቸው። አልሚዎች አማካይ ቁጥርን ይዘው በቅርብ ላለው ነዋሪ «አትጎዳም» ማለታቸውን መተው ይኖርባቸዋል። ሕግ አውጪዎች ደግሞ የመሸጥ መብትንና የጎረቤት ክፍያን የግንባታ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ይገባቸዋል። የነፋስ ኃይል የሕዝብን ድጋፍ ይዞ የሚስፋፋው፣ ከማማው ሥር የሚኖረው ሰው ለአገር ጥቅም ሲባል ብቻውን እንዳልከሰረ በተጨባጭ ሲያይ ነው። ይህን ማረጋገጥ ለነዋሪው የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን የኃይል ልማቱ ወጪ አካል ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮም በበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት።